ጥሩምባ ለሕያዋን

በዚህ ወር መባቻ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል በቀረችው ጠባብ ሜዳ ላይ ጎረቤቶች እንደ ወትሮው ከየቤታቸው ወጥተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ስንዴውን ከሽምብራውና ከባቄላው ጋር በአንድ ድስት ቀቅለው፣ ዳቦ ቈርሰው ቡናም አፍልተው የእመቤታችንን ልደት ሲያከብሩ ቆሜ ተመለከትሁ። እናቶች በርጩማቸውን ክብ አድርገው ተቀምጠው፣ ልጆችም በመካከላቸው እየተሯሯጡ፣ ስለ ኑሮው ውድነት፣ ስለ ልጆቻቸው ፈተና፣ ስለ ወገባቸውና ስለ ጉልበታቸው ሕመም አንዷ ለሌላዋ ያለ ኀፍረት ስትነግር ይሰማ ነበር። ወንዶቹ ግን፣ እኔም ከነርሱ አንዱ ነኝና ስለ ራሴም ጭምር እናገራለሁ፣ ከየደረጃው ወርደን፣ ንፍሮውን በመዳፋችን ተቀብለን፣ ቆመን ቃም ቃም አድርገን፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ብለን ከመረቅን በኋላ እያንዳንዳችን ወደየፎቃችን ተመለስን፤ ጥቂቶቹም ከበረንዳቸው ሳይወርዱ፣ ክርናቸውን በብረቱ ላይ አስደግፈው፣ ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ዋሉ።

የዚህ በዓል ሥርዐት ከቤት ውጭ የሆነበት ምክንያት አለው። አበው እንደሚተርኩልን ሐና እና ኢያቄም ከዘመዶቻቸው ጋር ከክፉዎች ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ በወጡ ጊዜ ድንግል ማርያም በዚያ ተወለደች፤ በተራራውም ላይ ፈጭቶና ጋግሮ ለመብላት ስላልተመቻቸው ያገኙትን እህል ቀቅለው ንፍሮውን በሜዳ ተቀምጠው በሉ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን የተሰየመው፣ ሰፈራችንም ስሙን የወረሰው፣ በስደትና በጭንቀት መካከል የነበሩ ሰዎች ከሰማይ በታች አብረው ተቀምጠው ደስ ከተሰኙበት ከአንድ ቀን ነው። ይህን የመሰለ ርስት ያለው ሰፈር ወንዶቹን በየክፍላቸው ቈልፎ ሲያኖር ማየት ያሳዝነኛል፤ ብዕሬንም እንዳነሣ ያደረገኝ ይኸው ኀዘን ነው።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ በመጪው ሐምሌ ከቀበርነው ሁለት ዓመት ይሞላል። ስሙን ለቤተ ሰቡ ክብር ስል አልጽፈውም። በወጣትነቱ በተግባረ ዕድ ተምሮ የወጣ፣ ዕድሜውን በመኪና ጥገና ያሳለፈ፣ ልብሱ ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ፣ ቀልድ ወዳድ ሰው ነበረ። የድሮው ሰፈራችን ሳይፈርስ የርሱና የኔ ቤት በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ የውኃ ቧንቧና በአንድ የኮክ ዛፍ የምንተዳደርባቸው የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ ጣራቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸውም የጋራ ነበረና ያን ኑሮ አሳምሬ ለመናገር አልሻም። ነገር ግን ከኮኩ ዛፍ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። በዚያ ድንጋይ ዙሪያ፣ ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ዐይን ለዐይን እስክንተጣጣ ድረስ፣ አራት አምስት ሆነን በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ እንጫወት ነበር፤ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ የቀሩት ያማክራሉ፣ በጨዋታውም መካከል፣ የሁሉ ዐይን በሰሌዳው ላይ ሳለ፣ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ ትምህርቱን ተወ» ወይም «ከሥራ ሊቀንሱኝ ነው መሰለኝ» ይላል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ጥቂት ዝም ከተባለ በኋላ ግን ከተጫዋቾቹ አንዱ ቆርኪውን እየገፋ «ነገ አብረን ሄደን እገሌን እናነጋግረዋለን» ይለዋል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። አሁን ሳስበው ያ ድንጋይ የሰፈራችን ወንዶች መናዘዣ ነበረ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሰፈሩ ፈርሶ በምትኩ ፎቆቹ ሲሠሩ ከመካከላችን ብዙው ወደ ሌላ ሌላ ክፍለ ከተማ ተበተነ፤ ወዳጄና እኔ ግን ዕድልና አቅም ረድቶን፣ እርሱ በአንደኛው ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ፣ እኔም በሌላው ሕንፃ በሁለተኛው ፎቅ፣ በዚያው በልደታ ቀረን። ውኃው ከቤት ውስጥ ገባ፣ መጸዳጃውም የየራሳችን ሆነ፤ ስለዚህም አመስጋኝ ነኝ። ድንጋዩ ግን አልመጣም። ወዳጄ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማችን ባቡር ከወዲህና ከወዲያ ሲመላለስ እየቈጠረ ይውል እንደ ነበረ ባለቤቱ ኋላ ነገሩን፤ መጠጥም ጀመረ፣ ያውም ከሰው ጋር መጠጥ ቤት ወጥቶ አይደለም፣ በዚያው በወንበሩ ላይ ብቻውን ነበር። ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ጉበት አሉት፤ እውነታቸውን ነው፤ እኛ የምናውቀው ግን ጉበቱ የመጨረሻው በር እንደ ነበረና ሌሎቹ በሮች ሁሉ ከዚያ በፊት አንድ በአንድ እንደ ተዘጉ ነው።

ዕድራችን ድንኳኑን የተከለው ንፍሮ በሚበላባት በዚያችው ጠባብ ሜዳ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሐምሌም ስለሆነ ዝናቡ በሸራው ላይ እየጮኸ፣ ሠላሳና አርባ ወንዶች ጋቢያችንን ተከናንበን በዕድሩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሦስቱ ቀን ስለርሱ ያልተነገረ ነገር አልነበረም፤ አንዱ መኪናውን በነፃ እንደ ጠገነለት፣ ሌላው በአንድ ክፉ ዘመን እንደ ሸሸገው ሲያወሩ፣ ሦስተኛውም ሰባት ዓመት ስለ ተኳረፉበት አንድ ከንቱ ነገር እያነሣ ይቅርታ ያልጠየቀው ለምን እንደ ነበረ ራሱን ሲጠይቅ፣ ከበላዩ ፎቅ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ድምፁ እየተቈራረጠ እንዲህ አለ፤ «ባለፈው ጥቅምት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ ና እስቲ እስከ ጦር ኃይሎች በእግራችን ደርሰን እንመለስ አሉኝ፤ ጋሼ፣ ዛሬ ቸኵያለሁ፣ ሌላ ቀን አልኋቸው»። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም፤ ከመካከላችን፣ ባንዱ ቀን ወይም በሌላው፣ ያንኑ መልስ ያልሰጠው ማን ነበርና!

እነሆ ከዚያ ድንኳን ይዤው የወጣሁት ዐሳብ ይህ ነው። ዕድር፣ በተለይ በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በከተሞቻችን እየተስፋፋ የመጣው ይህ ማኅበር፣ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ድንኳንና ድስት፣ የራሱም ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ጥሩምባው ሲሰማ ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ሠራተኛው ከአለቃው አስፈቅዶ፣ የተኳረፈውም ኵርፊያውን ውጦ ይመጣል፤ የቀረም እንደ ደንቡ ይቀጣል። ወንድ ልጅ ሥራውን ትቶ፣ ከቤቱ ወጥቶ፣ ከወንድሙ አጠገብ ያለ ንግድና ያለ ጉዳይ ሦስት ቀን እንዲቀመጥ የሚያስገድድ እንዲህ ያለ ሥርዐት ያላቸው ሕዝቦች ብዙዎች አይመስሉኝም። የሚያሳዝነው ግን ጥሩምባው እንዲነፋ አስቀድሞ አንድ ሰው መሞት አለበት። ስለዚህ ዕድሮቻችን፣ ቢያንስ የልደታ ዕድሮች፣ በወር አንድ ጊዜ ጥሩምባውን ለሕያዋን ይንፉ፣ ወንዶቻቸውንም ከየፎቁ አውርደው በእግር አብረው ያውጡ እላለሁ።

በኛ አገር ለወንድ ልጅ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ የጸናው «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ልጅ ሆነን ስንወድቅ ወንድ አያለቅስም ተባልን፤ ጎልማሳ ሆነን ስንከስር፣ ስንከዳ፣ ስናፍር የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው ተባልን፤ ሆድም እንደ ታዘዘው ይፈጀዋል፣ ነገር ግን እግረ መንገዱን ባለቤቱን ደግሞ ይፈጀዋል። ወንዶች ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ጨጓራዬን፣ ራሴን፣ ወገቤን እያሉ ነው፤ ልቤ አዘነብኝ ብሎ ተራ የሚይዝ ከስንት አንድ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉትን፣ አበው ትካዜ ወይም ኀዘነ ልቡና ይሉት የነበረውን ሕመም፣ እኛ ወንዶች በስሙ ጠርተነው ስለማናውቅ በቍጣ፣ በመጠጥና በዝምታ ስም እንጠራዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ከ700,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥተዋል፤ ከ100,000 ወንዶች 12.6፣ ከ100,000 ሴቶች ደግሞ 5.4 መሆናቸው ነው። ድባቴ ይበልጡን የሚታየው በሴቶች ላይ መሆኑን ሐኪሞቹ ራሳቸው እየነገሩን ሞቱ ወደ ወንዶች ማዘንበሉ፣ ሴቲቱ የተናገረችውን ወንዱ ዝም ስላለው ካልሆነ በምን ይተረጐማል?

ሕክምናውም ቢሆን ለሁሉ አይደርስም። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የዐማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱን የአእምሮ ሕሙማን ሁሉ ብቻውን ሲቀበል ኖሯል፤ ስሙም በሰው አፍ የሕመም ስም እስኪሆን ድረስ ደርሶ፣ «ዐማኑኤል ገባ» ማለት እንደ ፍርድ ይቈጠር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ1995 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እስኪጀምር ድረስ የዚህ ሙያ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቈጠሩና በባዕድ አገር የሠለጠኑ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቍጥራቸው አድጓል፣ እግዚአብሔር ያብዛቸው፤ ሆኖም ከአንድ መቶ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ሐኪም እስኪዳረስ ድረስ ጎረቤት እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም።

ወንዶች አይገናኙም ማለቴ አይደለም። ማታ ማታ ከአብነት እስከ ጌጃ ሰፈር በየጠጅ ቤቱና በየግሮሰሪው የሚቀመጠውን ወንድ ቈጥሮ የሚጨርስ የለም፤ ስለ እንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ቡድን ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር፣ የተጫዋቹን የጉልበት ሕመም የሚያውቅ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን ሚስቱ ከቤት ከወጣች ሦስት ወር እንደ ሆናት የማያውቅ ወንድ አይቻለሁ። ቀን ቀን ደግሞ በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ፣ ራፖር ጸሐፊዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው በተቀመጡበት ግንብ ሥር፣ ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው የታቀፉ ወንዶች ረጅሙን ሰዓት ቆመው ይውላሉ፤ የርስት፣ የፍቺ፣ የዕዳ፣ የልጅ ክርክር ነው። ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ይመለሳሉ፣ በሚቀጥለውም ቀጠሮ እንደገና ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በልባቸው ያለውን ግን ለዳኛው እንኳ የሚናገሩት በጠበቃ አፍ ነው። ጥንት በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ኵታቸው ተቋጥሮ በቍራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበረ ሳስብ፣ በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ከዳኛው ሳይደርሱ የታረቁት ስንት ይሆኑ ብዬ እጠይቃለሁ።

የእግር መንገድ ይህ ጠባይ አለውና። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዐይን ለዐይን መተያየት በኛ ዘንድ የሙግት ወይም የምርመራ አቋም ነው፤ ታላቁን ትክ ብሎ ማየትም ነውር ነው ተብለን አድገናል። አብሮ በሚኬድ ጊዜ ግን የሁለቱም ዐይን ወደ ፊት ስለሆነ የተናገረው አያፍርም፣ የሰማውም በፊቱ ላይ የሚታየውን ድንጋጤ ለመደበቅ አይቸገርም፤ ዝምታ ቢመጣ እንኳ እርምጃው ስለሚሞላው እንደ ክፍል ውስጥ ዝምታ አይከብድም። ዳማችንም በውስጠ ምስጢሩ ይኸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ጥበብ ታውቀዋለች። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ብቻውን ከበኣል ነቢያት ጋር የታገለ፣ በጸሎቱ ሰማይን የዘጋና የከፈተ ኤልያስ፣ ከዚያ ሁሉ ድል በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፣ ከክትክታ ዛፍም ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። በወንድነቱ ማንም የማይጠረጥረው ሰው መኖር በቃኝ ያለበት ቦታ ነው። የተሰጠውንም መልስ አስተውሉ፤ ተግሣጽ አልመጣለትም፣ አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት ተብሎም አልተወቀሰም። መልአኩ በእጁ ዳሰሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አበላው፤ ከዚያ በኋላ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት እስከ ኮሬብ በእግሩ አስኬደው። በልቡ ያለውን እንዲናገር የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ በተራራው ላይ ሲሆን፣ ነፋሱም መናወጡም እሳቱም ካለፈ በኋላ በመጣ ቀጭን ድምፅ ዳግመኛ ተጠየቀ። ከሁሉም የሚደንቀኝ መጨረሻው ነው፤ ከተራራው ሲወርድ በዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ ያገኘውን ኤልሳዕን ጓደኛ አድርጎ ተቀበለ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስኪለያዩ ድረስ መንገዱን ብቻውን አልሄደም። እንቅልፍ፣ መብል፣ መንገድ፣ የሚሰማ ጆሮ፣ በመጨረሻም ጓደኛ፤ ይህን ታሪክ በየዓመቱ እየሰማነው ከዛፉ ሥር የተቀመጠውን ጎረቤታችንን ግን በርታ ብቻ ብለን እናልፈዋለን።

የዘመኑ ሊቃውንትም ያገኙት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በፔንስልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጽሮ፣ መስኮታቸው ወደ ዛፎች የሚመለከተው ሕሙማን መስኮታቸው ወደ ጡብ ግድግዳ ከሚመለከተው ቀድመው እንደ ወጡና ብርቱ ማስታገሻም ያነሰ እንደ ወሰዱ አሳይቷል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የወዳጄ መስኮት ትዝ አለኝ። ከሁሉ ይልቅ ለኛ የሚቀርበው ግን የዚምባብዌው ነው፤ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በተባለው ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያው ግቢ ከደጅ በተተከለ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ «ዐሳብ በዛብኝ» የሚለው ሁሉ እየመጣ ከአንዲቱ አያት አጠገብ ይቀመጣል፣ ይናገራል፣ ስለ ችግሩም አብረው ይመክራሉ። የወዳጅነት አግዳሚ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ 573 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ እጅግ ተሽሏቸው እንደ ተገኙ መሰከረ። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጡረታ የወጡ ወንዶች በአንድ ዎርክሾፕ ተሰብስበው እንጨት እየላጉና ዕቃ እየጠገኑ የሚውሉበት ልማድ ተስፋፍቷል፤ ሐሳቡ ወንድ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሲሠራ ይናገራል የሚል ነው። የዕድራችንም አግዳሚ በመጋዘን ተደርድሮ ይጠብቀናል፤ የሚያወጣው ግን ሞት ብቻ ሆነ።

አብሮ መውጣትስ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ወደ ዝቋላ በእግር ይወጣ የነበረው የአባቶቻችን ጉዞ፣ ስንቅ እየተካፈሉ፣ በየወንዙ እያረፉ፣ ሌሊት ከሜዳ እያደሩ የሚደረግ ነበረ፤ ተሳላሚው የሚመለሰው ከገዳሙ በረከት ጋር የመንገዱንም ወዳጅነት ይዞ ነው። እኔ ራሴ ሕፃን ሳለሁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ባደረገበት በልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ገና አውሮፕላን ይወርድ ነበረና፣ እሑድ ሰንበቴ ከተጠጣ በኋላ አባቴ እጄን ይዞ ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር እስከ ሜዳው አጥር በእግር ይወስደኝ ነበር። ጄት የተባለው አውሮፕላን ሜዳው አልበቃው ብሎ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ እንኳ ወዳጆቹ ያን የእሑድ መንገድ አልተዉትም፤ አውሮፕላኑ ምክንያት እንጂ ጉዳያቸው እንዳልነበረ የገባኝ ሸምግዬ ነው።

ዛሬም ቢሆን በከተማችን በጎ ምልክት ይታያል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየኅዳሩ ጎዳናውን የሚሞላውን ሕዝብ፣ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና የተከለከለባቸውን እሑዶች፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦን ፓርክ፣ በኮሪደር ልማትም የሰፋውን የእግረኛ መንገድ እያየን ከተማው ለሚራመድ ሰው ቦታ የለውም ለማለት አንችልም። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፤ በየሕንፃዎቻችን መካከል የቀረችው ሜዳ ዓመት በዓመት ለመኪና ማቆሚያ እየተቈረሰች ትሄዳለች። እንጦጦ ሩቅ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ይወጣበታል። የዘወትር መድኃኒት ከደጃፍ ያለ ዛፍና ከዛፉም ሥር ያለ መቀመጫ ነውና የከተማው ሹማምንትም የሕንፃዎቹ ኮሚቴዎችም እባካችሁ ያችን ሜዳ አትንኩብን።

ይህን ዐሳብ በሰፈር ሳነሣ የገጠመኝን ተቃውሞ ልደብቀው አልፈልግም። አንድ የማከብረው ሰው፣ «ልጁን የሚያስተምርበት ያጣ ሰው በእግሩ መዞር ምን ይረባዋል?» አለኝ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የእግር መንገድ ዳቦ አይሆንም። ነገር ግን በዚያ ድንጋይ ዙሪያ ስንቱ ሥራ እንደ ተገኘ፣ ስንቱ ዕቍብ ቀድሞ እንደ ተሰጠ አስታውሳለሁና፣ ችግሩን ያልተናገረ ሰው ረዳት ከየት ያገኛል እላለሁ። ሌላው፣ «ጸበል እያለ!» አለኝ፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ አምላክ ነውና ማንም አያጣላቸው። ይልቁንም በግልጽ መነገር ያለበት ይህ ነው፤ ሳምንት ከሳምንት እንቅልፍ ያጣ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መሞትን የሚያነሣ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ የመንገድ ጓደኞቹ ሥራ ነገሩን ቀድሞ አይቶ፣ ክንዱን ይዞ፣ ከሐኪሙ ደጅ ማድረስና ተራውን አብሮ መጠበቅ ነው። እኔ የምፈራው ማንም ቀድሞ የማያየውን ሰው ነው።

የሚደረገውም ቀላል ነው። ዕድሩ በየሕንፃው ወንዶቹን አራት አራት ያድርግ፤ አስከሬን ለመሸከም አራት ከበቁ ሕያውን ለማጀብም ይበቃሉ። ጡረታ የወጣው ከወጣቱ፣ ባለ ትዳሩ ከላጤው ይደባለቅ፤ ቅጣት አይኑር፣ ስብከትም አይኑር፣ ማንም «ምን ሆነሃል ተናገር» ተብሎ አይያዝ። የቀረ ሰው ቢኖር ግን፣ ለቀብር የቀረ እንደሚጠየቅ፣ ከሦስቱ አንዱ በሩን ያንኳኳ።

እኛ ደንቡን ሳንጠብቅ ካለፈው ጥር ጀምሮ ወጥተናል። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነሥተን በሜክሲኮ አድርገን እስከ ሳር ቤት ደርሰን እንመለሳለን፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ ሄደን ወደ እንጦጦ ማርያም በእግራችን እንወጣለን፤ ዳገቱ ላይ ስለሚያለከልከን ብዙ አንናገርም፣ የሚነገረው ሁሉ የሚነገረው ቍልቍለቱ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር ከመካከላችን አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው፣ ልጁን በስደት መንገድ ላይ እንዳጣ ቍልቍለቱን ስንወርድ ነገረን። ያለቀሰውም እየሄደ ነው፤ እኛም እየሄድን ሰማነው።

የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ነገሩ በአጀንዳው አምስተኛ ተራ ላይ ተጽፏል። አንዳንዶቹ ክረምቱ ይለፍ፣ መስከረም ሲጠባ እንጀምር እያሉ ነው፤ እኔ ግን ወዳጄ የሞተው በሐምሌ እንደ ነበረ፣ ዝናቡም በድንኳኑ ላይ ሲወርድ ማንም ተነሥቶ እንዳልሄደ ለጉባኤው አሳስባለሁ። እስከዚያው አራት የነበርነው አሁን ስድስት ሆነን፣ ጃንጥላ ያለው ጃንጥላውን ይዞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ በ12 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንገናኛለን፤ ያ ከላይ ፎቅ የሚኖረው ጎልማሳ ሁልጊዜ ቀድሞን ደርሶ ቆሞ እናገኘዋለን።